ጥሬ ልምድ

እኔ በዋናው ፍርድ ቤት በር ላይ ቴምብር ሻጭ ነኝ። የምኖርበትን አገር ስም አልናገርም፤ አገሩ ራሱ ስሙን በየጊዜው ስለሚቀያይር ዛሬ የምጠራው ነገ ስህተት ሆኖ ሊያስጠይቀኝ ይችላል። የማወራችሁ ከእኔ ጃንጥላ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ማመልከቻ ትጽፍ ስለነበረችው ስለ ይታይሽ ነው። ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን እሷው አጫውታኛለች።

ይታይሽ ሕግ የተማረች ልጅ ናት። በአገራችን ሕግ የተማረ ሰው የሚቀጠረው በሙግት ቤት ነው። ሙግት ቤት ማለት ጠበቆች ተሰባስበው የሰው ጉዳይ የሚይዙበት፣ ደረጃው በእብነ በረድ የተሠራ፣ ባለጉዳይ ገና ሲገባ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ቤት ነው። እዚያ ለመቀጠር ልምድ ያስፈልጋል። ልምድ የሚገኘው ደግሞ እዚያ በመቀጠር ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ እኛ ለምደነዋል። አንድ ጊዜ መንግሥት ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ሊያቋቁም አስቦ ነበር። የኮሚቴው አባል ለመሆን የኮሚቴ ልምድ ስለሚጠየቅ ሳይቋቋም ቀረ።

ይታይሽም ዲግሪዋን ሣጥን ውስጥ ከትታ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ በራችን ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ሰው ይመጣል፣ ዱካው ላይ አረፍ ይላል፣ ያለቅሳል ወይም ይቆጣል፣ እሷ ትጽፋለች። ሌሎቹ ጸሐፊዎች በሰላምታና በትሕትና ግማሽ ገጽ ሲፈጁ እሷ ሦስተኛው መስመር ላይ ማን ምን እንደወሰደ ተናግራ ትጨርሳለች። ለዚህ ነው መሰለኝ ሰልፉ ሁልጊዜ እሷ ዘንድ የሚረዝመው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አዋጅ ወጣ። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ በሙግት ቤት መዝገብ ያልገባ ሰው ለሌላ ሰው ማመልከቻ መጻፍ አይችልም ይላል። ምክንያቱም ተገልጿል፤ የሕዝቡ እንባ በብቁ ባለሙያ ብቻ እንዲጻፍ ነው። አዋጁ በሩ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ተሰልፈው የነበሩት አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ይታይሽ እንድታነብላቸው ለመኗት። እሷም ተነሥታ ከቦታዋ የሚያፈናቅላትን ወረቀት ከአርዕስቱ እስከ ማኅተሙ ድረስ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

"እንግዲህ እኛ ወዴት ልንሄድ ነው?" አሉ እማማ ደብሪቱ። እማማ ደብሪቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጉዳያቸው ካለቀ ቆይቷል፤ በየገበያው ቀን ግን ይታይሽን ሰላም ሳይሉ አያልፉም።

"ሙግት ቤት ነዋ፣ እማማ።"

"ዘበኛው ደረጃውን መች ያስረግጠናል?"

"እንግዲያው እኔ ልግባና ከውስጥ ልክፈትላችሁ" አለች።

በዚያው ሳምንት አቶ ይፍሩ የሚባሉ የታወቁ ጠበቃ በሙግት ቤታቸው አንድ ክፍት ቦታ እንዳለ አስነገሩ። አመለከተች። መልሱ ቶሎ መጣ፤ በዘጠነኛው ቀን ቀርበሽ ልምድሽን አስረጂ ይላል።

በአገራችን ልምዱን ለማስረዳት ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። መጀመሪያ ልምድ አሰናጂ ዘንድ ይኬዳል። ከአሰናጂዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው አቶ ዘርጋው ነበር። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው። ሱቁ ላይ "ያላለቀ ልምድ እንጨርሳለን" የሚል ጽሑፍ አለ። ገንዘብ አይቀበልም። ደንቡ አንድ ነው፤ ጥሬውን ትተህ ያለቀለትን ትወስዳለህ።

"ምን ይዘሻል?" አላት።

"ሦስት ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ።"

"እሱ ሥራ ነው፣ እህቴ። እኔ የጠየቅኩሽ ልምድሽን ነው።"

ይታይሽ አሰበች። ከጻፈቻቸው ጉዳዮች ሁሉ ከልቧ ያልወጣው የእማማ ደብሪቱ ስለነበር እሱን ጀመረች። እማማ ደብሪቱ ሸክላቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱበት ጠባብ መተላለፊያ ነበራቸው። ጎረቤታቸው አቶ ቸሬ አንድ ቀን ተነሥተው በድንጋይ ግንብ ዘጉት። ሴትዮዋ በጉብታው በኩል መዞር ግድ ሆነባቸው፤ በዳገቱም ከአራት እንስራ ሁለቱ ይሰበራል። "ማመልከቻውን ጻፍን፣" አለች ይታይሽ፣ "ግን እኔ ተሳሳትኩ። ግንቡ ያለው በስተምዕራብ ነው፤ እኔ በስተምሥራቅ ብዬ ጻፍኩ። እና እንደገና..."

"ቆይ ቆይ" አለ ዘርጋው። "ስህተቱ ይወጣል። ደግሞ 'ጻፍን' ያልሽው እነማንን ነው?"

"እኔና እማማ ደብሪቱን። እሳቸው እየነገሩኝ ነው የጻፍኩት።"

"እዚያ ልምድሽን የሚመዝነው ሰው 'እኛ' የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ከሚዛኑ ላይ ይቀንሳል። ሴትዮዋ ትናገር እንጂ የመራሽው አንቺ ነሽ። ስሚኝ፤ ልምድ ራስ፣ ሆድና ጅራት አለው። ራሱ ችግሩ ነው። ሆዱ አንቺ ነሽ። ጅራቱ ድሉ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ?"

"ግንቡ ይፍረስ ተብሎ ተፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ ግን..."

"በቃ!" ብሎ እጁን አነሣ። "ተፈረደ ካልሽ ወዲያ አንዲት ቃል አትጨምሪ። ልብስ አልቆ መርፌ አይወጋም።" የነገረችውን በፍጥነት ጽፎ ጨረሰና ከኋላው ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከዚያ ሌላ ማኅደር አውርዶ ሰጣት። "ያንቺው ለአንቺ አይሆንም፤ ሸክላና ጉብታ ለሙግት ቤት ያንሳል። ይሄን ያዢ። የአንዲት ጭነት መርከብ ክርክር ነው። በብቃት መርተሽ አሸንፈሻል።"

"አቶ ዘርጋው፣ እኔ መርከብ አይቼ አላውቅም። በአገራችን ባሕርም የለም።"

"እነሱስ መች አይተው ያውቃሉ? ስለዚህ አይጠይቁሽም።"

ስምንት ቀን ሙሉ፣ ባለጉዳይ ሲያንስ፣ መርከቧን በእኔ ላይ ተለማመደቻት። እኔ ቴምብሬን እየቆረጥኩ ጠያቂ እሆናለሁ። "የመራሽውን ሙግት አስረጂን" እላታለሁ፤ እሷም ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ስለ ወደብና ስለ ማዕበል ታወራለች። ጥሩ አድርጋ ታወራው ነበር፤ አይካድም። እንዲያውም አንድ መንገደኛ ቆሞ ሰምቶን ወደቡ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆናል። ነገር ግን ስትጨርስ ሁልጊዜ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤ የቆሸሸ ነገር የነካች ይመስል።

በዘጠነኛው ቀን ሄደች። በአቶ ይፍሩ ሙግት ቤት የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ከመመዘኛው ክፍል ጋር የሚዋሰነው በስስ ጣውላ ነው። ከእሷ በፊት ሦስት አመልካቾች ነበሩ፤ ሦስቱም ኮሌታቸውን በደንብ የተኮሱ። የመጀመሪያው ገባ። ድምፁ በጣውላው አልፎ ጥርት ብሎ ይሰማል።

"አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። መተላለፊያዋን ጎረቤቷ በግንብ ዘጋባት። እኔም በመራሁት ሙግት፣ ባቀረብኩት የመጀመሪያ ማመልከቻ፣ ግንቡ ይፍረስ ተብሎ ተፈረደ።"

ይታይሽ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ሁለተኛው ገባ። የእሱ ደንበኛ ብርጭቆ ነጋዴ ናት፤ መተላለፊያው ግን ያው ነው፣ ጉብታውም ያው፣ ከአራቱ ሁለቱ መሰበራቸውም ያው። ሦስተኛው ዘንድ ሲደርስ ሴትዮዋ ዕንቁላል ሻጭ ሆናለች። በተፈረደ ቁጥር ከውስጥ አንድ ሰው "ድል!" ይልና ጠብ የሚል ነገር ይሰማል።

ተነሥታ ልትሄድ አሰበች። የአንዱን ኮሌታ ልትጨመድድም አሰበች። የተናደደችው ታሪኩ ስለተሰረቀባት ብቻ መስሏት ነበር። ኋላ ሲገባት ግን እማማ ደብሪቱ ሦስቱም ዘንድ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ እንደ ዕቃ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ መስማቱ ነው ያንገበገባት። እሳቸው እኮ ችሎት ፊት የተሰበረ እንስራ አቅፈው የቆሙ ሴት ናቸው።

ስሟ ተጠራና ገባች።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው አቶ ይፍሩ ናቸው፤ ፀጉራቸው የነጣ፣ አርባ ዓመት በጥብቅና የሠሩ፣ ዓይናቸው የደከመ። ሁለተኛው ከልምድ መሥሪያ ቤት የተላከ መዛኝ ነው። ከፊቱ የናስ ሚዛን፣ አጠገቡ በእሳት የቀለጠ ቀይ ሰም አለ። አሠራሩን በራችን ላይ የማያውቅ የለም። አመልካቹ የሚናገረው በቅጽ ይጻፋል፤ ድል በተገኘበት ቦታ ሁሉ ሰም ይንጠባጠብበታል፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ይመዘናል። የከበደው ይቀጠራል። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ መንገድ ስላልተገኘ በሕግ ጸንቷል።

"የመራሽውን ሙግት አስረጂ" አለ መዛኙ።

"አንዲት የጭነት መርከብ..." ብላ ጀመረችና ጀርባዋን ከወንበሩ አላቀቀች። "ይቅርታ፣ መርከቧን ልተዋት።"

"መርከቧ ተመዝግባለች" አለ መዛኙ። "ምን ሆነች ልበል?"

"ሰጠመች ይበሉ።"

መዛኙ "ሰጠመች" ብሎ ጻፈ።

"አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣" አለች ይታይሽ፣ "እማማ ደብሪቱ ይባላሉ።"

"ይህን ስንሰማ አራተኛ ጊዜያችን ነው!"

"ትቀጥል" አሉ አቶ ይፍሩ። "ስም ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው።"

ቀጠለች። ማመልከቻውን ጻፍን፣ ተፈረደልን አለች። መዛኙ "ድል!" ብሎ ሰሙን ጠብ አደረገ።

"ይቆዩ፣ አልጨረስኩም። በስተምዕራብ ማለት ሲገባኝ በስተምሥራቅ ብዬ ስለነበር የተፈረደው በስተምሥራቅ ያለው ግንብ ይፍረስ ተብሎ ነው። በስተምሥራቅ ግንብ የለም። የአፈጻጸም ሹሙ ሄዶ አየና 'የተባለው ግንብ በቦታው ስላልተገኘ እንደፈረሰ ተቆጥሯል' ብሎ መዝገቡን ዘጋው።"

መዛኙ ሰሙን በቢላዋ ፍቆ አነሣው።

"ከዚያስ?" አሉ አቶ ይፍሩ።

"ለእማማ ደብሪቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። በማግስቱ እንስራቸውን ይዘው መጡና 'በይ አሁን እኔ እየጠቆምኩሽ ጻፊ' አሉኝ። እንደገና ከፈትነው። በስተምዕራብ ያለው ይፍረስ ተባለ።"

ሰሙ ጠብ አለ።

"ግን አልፈረሰም" አለች። "አፈጻጸም ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰናል። አፍራሹ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል፤ ባለማኅተሙ ግንቡ አሁንም መኖሩ ይረጋገጥልኝ ይላል፤ አረጋጋጩ ደግሞ ግንቡን ለማየት በዚያው በተዘጋው መተላለፊያ ማለፍ አለብኝ፣ በሌላ በኩል መዞር በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም አለን።"

መዛኙ ሰሙን ፍቆ አነሣ። ቢላዋውን ግን አላስቀመጠም።

"ከዚያስ?" አሉ አቶ ይፍሩ እንደገና። ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

"በአሥራ ሁለተኛው ቢሮውን ትቼ አቶ ቸሬ ቤት ሄድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደገነቡት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ሚስታቸው የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው ንጋት ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ እማማ ደብሪቱ በመስኮታቸው ሥር ሸክላ እያንኳኩ ያልፋሉ። ሁለቱን አገናኘኋቸው። እማማ ደብሪቱ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሊያልፉ ተስማሙ። አቶ ቸሬ ግንቡን በገዛ እጃቸው በአንድ ቀን አፈረሱት፤ በድንጋዩም ሚስታቸው ፀሐይ የሚሞቁበት መደብ ሠሩበት።"

መዛኙ ቅጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። "እንግዲህ አሸነፋችሁ ወይስ ተሸነፋችሁ?"

"ሴትዮዋ ያልፋሉ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። በቅጹ ላይ ያለው አሸነፈ ወይም ተሸነፈ ነው።"

"ያልፋሉ፣ ጌታዬ። ዛሬም አልፈው ገበያ ወርደዋል።"

መዛኙ ወረቀቷን ሚዛኑ ላይ አኖረው። የሚዛኑ ጣት ሳትነቃነቅ ቀረች። "ባዶ" ብሎ ጻፈ፤ "እኛ ያለችው ከተቀነሰ ደግሞ ከባዶ በታች።"

አቶ ይፍሩ ሦስቱን አመልካቾች እንደገና አስጠሩ። "አንድ ጥያቄ ብቻ ነው" አሉ። "ከተፈረደ በኋላ ምን ሆነ?" ባለሸክላው ወለሉን አየ። ባለብርጭቆው "ደንበኛዬ ከልቧ አመሰገነችኝ" አለ። ባለዕንቁላሉ ጥቂት አሰብ አድርጎ "ይግባኙንም አሸነፍኩ" አለ። መዛኙም ይህን ሰምቶ ተጨማሪ ሰም ጠብ አደረገለት። በዚህም ባለዕንቁላሉ ከሁሉም ከበደና በሕጉ መሠረት እዚያው ተቀጠረ። አቶ ይፍሩም ፈረሙለት።

በእብነ በረዱ ደረጃ እየወረደች ሳለ አቶ ይፍሩ ከኋላዋ ጠሯት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ረስተው ነው የወጡት።

"ያ አፈጻጸም ቢሮ ያልሽው፣" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ "በየትኛው በር ነው የሚገባው?"

"እርስዎ አያውቁትም?"

"ሄጄ አላውቅም።"

መልሰው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ከቢሯቸው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ቁም ሣጥን አለ። ሲከፍቱት በየመደርደሪያው በክር የታሰሩ መዝገቦች ተጠቅጥቀዋል፤ ሁሉም ጀርባቸው ላይ ቀይ ሰም አለባቸው።

"ያሸነፍኳቸው ናቸው" አሉ። "አርባ ዓመት ሙሉ።"

"ሰዎቹስ የተፈረደላቸውን አገኙ?"

አቶ ይፍሩ "እኔ እንጃ፣ ልጄ" አሉ። "ከፍርድ በኋላ ያለው የሙግት ቤት ሥራ አልነበረም። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን የጠየቅኩት ዛሬ አንቺን ስሰማ ነው።" መዝገቦቹን በጣታቸው ዳሰሱ። "ለጠበቃነት ልቀጥርሽ አልችልም፤ ሚዛኑ ተናግሯል። ግን የዚህ ቁም ሣጥን ጠባቂ የሚባል መደብ አለ። ማንም አመልክቶበት ስለማያውቅ ልምድ አይጠየቅበትም።"

ይታይሽ ደስ ብሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ግን መዝገቦቹን ማየት ቀጠለች። "ስሜ በቤቱ መዝገብ ይገባል?"

"ይገባል።"

"እንግዲያው ማመልከቻ መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው። ባለጉዳዮቼም እዚህ ይመጣሉ፤ በፊት ለፊቱ በር፣ በዚህ ደረጃ።"

አቶ ይፍሩ እብነ በረዱን አሰቡ። ቤታቸውን መሥራት የጀመሩት ከእሱ ነው። "ሸክላም ይዘው?" አሉ።

"ሸክላም ይዘው።"

"ለዘበኛው እኔው እነግረዋለሁ" አሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ከበራችን ላይ ጃንጥላዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። የእኔ አልተነሣችም፤ ስለ ቴምብር አዋጁ አያነሣም። ባለዕንቁላሉ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ከልምድ መሥሪያ ቤት ጋር አዳዲስ አመልካቾችን ይመዝናል፤ ጥብቅ ነው ይባላል። ዘርጋውም ሱቁን አስፍቷል። ስለ ይታይሽ ግን የመጀመሪያ የሥራ ቀኗን ልንገራችሁና ላብቃ፤ ያንን በዓይኔ ነው ያየሁት። በመጀመሪያ የሄደችው ጎረቤቴ ዘንድ ነውና።

ከቁም ሣጥኑ ከላይ ያለውን መዝገብ መዝዛ በእግሯ እኛ ሰፈር መጣች። ባለመዝገቡ አቶ ማንያዘዋል የሚባሉ አንጥረኛ ናቸው። የሰፈሩ ሹም ወናፋቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ብረቱን ትተው ቅርጫት እየጎነጎኑ ይኖራሉ። በሩን አንኳኳች። ከፍተው ወረቀት የያዘች ሴት ሲያዩ ወደ ኋላ አሉ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም፣ አባባ። አሸንፈዋል።"

"ምኑን?"

"ወናፍዎ ይመለስልዎ ተብሎ ተፈርዶልዎታል።"

"መቼ?"

"ስድስት ዓመት ሆነው።"

አቶ ማንያዘዋል ወረቀቱን ተቀበሏት። ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩን ሰም ግን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ይታይሽም የጠበቀች ይመስለኛል፤ ቀና ብላ ቆማ ነበር።

"አሁን ወናፌ የት ነው ያለው?" አሉ።

"እሱን አላውቅም። አብረን ሄደን እንጠይቃለን። አንድ ቀን ላይበቃን ይችላል።"

ሰውየው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላትና ወደ ውስጥ ዞሩ።

"ቆዪኝ" አሉ። "ጫማዬን ላድርግ።"